እስቲ 70ንም ተመልከቱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፓይና ስለ ዜሮ ብዙ ይጻፋል፤ 70ን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህ በጣም ይቆጨኛል።

70ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት፣ ራሱን ትተን፣ 1፣ 2፣ 5፣ 7፣ 10፣ 14 እና 35 ናቸው። ደምሯቸው፣ 74 ይመጣል። ከራሱ በ4 በለጠ ማለት ነው። የ12 አካፋዮችም ተደምረው 16 ስለሚሆኑ ትርፉ ያው 4 ነው፣ ግን እዚያ 4 ራሱ ከአካፋዮቹ አንዱ ስለሆነ እሱን ስታወጡት ልክ 12 ይቀራል። 70 ጋ ይህ አይሠራም! 4 የለም፣ 1 እና 2 ቢደመሩ 3 ነው፣ ቀጥሎ ያለው 5 ነው። ስለዚህ የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ብትደምሩ 70 አይወጣም። እንዲህ ያሉት እንግዳ ቁጥሮች ይባላሉ። ትንሹ 70 ነው፣ ቀጣዩ 836። ኢተጋማሽ የሆነ ግን እስካሁን ማንም አላገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።

ሌላም አለ። ከ1 እስከ 24 ያሉትን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩ፤ 4900፣ ማለትም 70 ጊዜ 70 ይሆናል። ከ1 ተነስቶ በዚህ መንገድ ሲደመር ሙሉ ካሬ የሚገኘው፣ 1ን ብቻውን ካልቆጠርን፣ እዚህ ላይ ብቻ ነው። ዋትሰን የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1918 እ.ኤ.አ. አረጋግጦታል።

እባካችሁ ለልጆች በምታዘጋጁት ገጽ ላይ አውጡት፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃቸዋል።

አንባቢያችሁ