ልጄ፣ ያ እንስሳ የተኛ እንዳይመስልሽ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ?

የላክሽልኝን ቪዲዮ አየሁት። ካፒባራው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል፣ አናቱ ላይ ወፍ ቆማለች፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። "አባዬ፣ ይሄ እኮ ምንም ጭንቀት የሌለበት እንስሳ ነው" ብለሽ ጽፈሻል። ሳቄ መጣ። ግን አልተስማማሁም።

መጀመሪያ ዘሩን ልንገርሽና ትንሽ ልሳቅብሽ። አይጥ ባየሽ ቁጥር ወንበር ላይ የምትወጪው ልጅ የወደድሽው ከአይጥ ዘር ሁሉ ትልቁን ነው! አንድ ያደገ ካፒባራ 50 ኪሎ፣ አንዳንዱም ከ60 በላይ ይመዝናል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። የብራዚሉ ፓንታናል ረግረግና የቬኔዙዌላና የኮሎምቢያ ሰፋፊ ሜዳዎች በደንብ ያውቁታል።

አሁን ቪዲዮውን መልሰሽ ክፈቺውና ፊቱን ብቻ እዪ። ዓይኑም፣ ጆሮውም፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ወጣ ብለው ነው የተቀመጡት። ገላው በሙሉ ሰጥሞ እነሱ ብቻ ከውሃው በላይ ይቀራሉ። ስለዚህ "ተዝናንቷል" ያልሽው እንስሳ እያየ፣ እየሰማ፣ እያሸተተ ነው። ምን ያድርግ? ከዳር ነብር መሳዩ ጃጓር፣ ከውሃው ውስጥ ግዙፉ እባብ አናኮንዳና ካይማን የሚባለው የአዞ ዘመድ ይፈልጉታል። ከመንጋው አንዱ አደጋ ካየ እንደ ውሻ ይጮሃል። ያኔ ሁሉም ውሃው ውስጥ ዘው ነው። ጣቶቹ መሃል እንደ ዳክዬ ስስ ቆዳ ስላለው ጎበዝ ዋናተኛ ነው። ትንፋሹን ይዞ እስከ 5 ደቂቃ ከውሃ ስር መቆየት ይችላል።

ወፏም ብትሆን ለፍቅር ብላ አይደለም የቆመችው። ከፀጉሩ ውስጥ መዥገርና ነፍሳት ትለቅማለች።

ምግቡ ሣር ነው፤ በቀን 3 ኪሎ ገደማ። ጥርሱ በማኘክ ብዛት ያልቃል፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። (እየበላሽ ከሆነ የሚቀጥለውን ዝለይው።) ሣር በአንድ ዙር በደንብ ስለማይፈጭ፣ ጠዋት ጠዋት የራሱን ፋንድያ መልሶ ይበላል። ነገርኩሽ!

የኔን ልብ የነካው ግን አስተዳደጋቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሆነው ይኖራሉ። በበጋ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በቀረችው ኩሬ ዙሪያ እስከ 100 ይሰበሰባሉ። ግልገሎቹ የወለደቻቸውን ብቻ አይጠቡም። ወተት ያላት እናት ሁሉ ታጠባቸዋለች። ለእናትሽ ይህን ብነግራት "እኔ ልጃችንን ብቻዬን ሳጠባ የት ነበሩ?" አለችኝ።

ደግሞ ሁሉም ፍቅር እንዳይመስልሽ። የመንጋው አለቃ ወንዱ ነው፤ ሌሎቹን ወንዶች እያሳደደ ወደ ዳር ያስወጣቸዋል። አፍንጫው ላይ ያለችውን ፀጉር አልባ እብጠት አይተሻታል? ሽታ የምታወጣ ዕጢ ናት። ቁጥቋጦው ላይ እያሻሸ "እዚህ አለሁ" ይልባታል።

ለማንኛውም ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ጆሮውን እዪው። ወፏ ተነስታ ስትበር ጆሮው ብቻ ነቃ ይላል። እኔ ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት።

አባትሽ