የባሕር ዳርቻ ሩጫ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባለፈው እትማችሁ በባሕር ዳርቻ ስለሚሮጥባቸው መንገዶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። መንገዶቹን አምስት ኪሎ ሜትር ለጀማሪ፣ አሥር ለመካከለኛ፣ ሃያ አንድ ለጠንካራ ብላችሁ ከፍላችኋቸዋል። ለወጣት ሯጭ ይህ ይበቃው ይሆናል። እኔ ግን ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣሁ ነኝ፤ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ስኳር ስላለብኝ ሐኪሜ «ተንቀሳቀሺ» ብላኝ መሮጥ ጀመርኩ። እንደ እኔ ያለውን ሰው የሚያስፈራው ኪሎ ሜትሩ አይደለም። ደረጃው፣ አሸዋው፣ ጥላ ማጣቱ፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ አለማወቁ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ሆኖ ጉልበት የሚጨርስ መንገድ አለ፤ ስድስት ሆኖ እየተጨዋወቱ የሚዘልቁትም አለ።

ለጀማሪ ቴል አቪቭን መምረጣችሁ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገራችሁንም። ከሰሜኑ ወደብ ተነስቶ እስከ ያፎ የሚደርሰው የባሕር ዳር የእግረኛ መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሜዳ ነው፤ መቀመጫውና ውሃው ቅርብ ለቅርብ ነው። የደከመው ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ጥቂት ቢራመድ አውቶቡስ ያገኛል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም፤ በፈለገበት ቦታ ማቆም የሚችል ሰው ነው በማግሥቱ ተመልሶ የሚመጣው። በወደቡ ላይ የተነጠፈው የእንጨት ወለል ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት እዚያ ላይ መራመድ ይሻላል። ያፎ ሲቃረብ አቀበት ይጀምራል። ጀማሪው ከአቀበቱ በፊት ባለው በቻርልስ ክሎር መናፈሻ ሣር ላይ አረፍ ብሎ ይመለስ። ከያፎ ወደብ በስተደቡብ ያለው ኮረብታማ መናፈሻ፣ በአንድ ወቅት የቆሻሻ መጣያ የነበረው፣ ጉልበቱ ለጠነከረ የተተወ ነው። ፀሐይ የሚከብደው ደግሞ ከወደቡ ወደ ሰሜን ሬዲንግ የሚባለውን የኃይል ማመንጫ ይዞ በያርኮን ወንዝ ዳር ይግባ፤ ባሕሩን ያጣል፤ የባሕር ዛፍ ጥላ ግን ያገኛል።

ናታንያን በሁለት መስመር ብቻ ማለፋችሁ ነው ብዕር ያስነሳኝ። «የሚያምር ገደል» ብላችሁ አለፋችሁት። ገደሉ እኮ መንገዱን ሁለት ያደርገዋል፤ ላይኛውና ታችኛው ጨርሶ አይመሳሰሉም።

ላይኛው ከነፃነት አደባባይ ተነስቶ በገደሉ አናት ወደ ደቡብ ይሄዳል። ንጣፉ ጥሩ ነው፤ ባሕሩ ሁልጊዜ ከታች ይታያል፤ ነፋሱ ያበርዳል። ትንሽ ዝቅ ከፍ ይላል እንጂ ትንፋሽ የሚያሳጣ አይደለም። እኔ የምሮጠው እዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ መቀመጫው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎቻችን «ምነው ልጄ፣ ማን አሳደደሽ?» ይሉኝ ነበር። አሁን ለምደውኛል፤ የቀረሁ እንደሆነ «ታመመች እንዴ?» እያሉ ቤቴ ያስጠይቃሉ። ወደ ደቡብ የዘለቀ ሰው የአይሪስ አበባ ጥብቅ ሥፍራ ይደርሳል። በክረምቱ ማብቂያ፣ በፌብሩዋሪ አካባቢ፣ ጥቁር የሚመስል ወይን ጠጅ አበባ አሸዋው ላይ ይፈነዳል። እዚያው አቅራቢያ ዶራ የሚባለው የክረምት ኩሬ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፤ በበጋ ይደርቃል። አበባው ያለበት ወቅትና ለሩጫ የሚስማማው አየር አንድ ላይ መምጣታቸው ጥሩ ነው፤ በነሐሴ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላየው።

ጠንካራው ሯጭ ከዚያም አልፎ ወደ ፖሌግና ወደ ዊንጌት የስፖርት ተቋም ይቀጥላል። መቼም ከእኛ ሰው ውስጥ ያንን ስም አንብቦ ቆም የማይል የለም። ተቋሙ የተሰየመበት ኦርድ ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1941 በጎጃም በኩል ከጃንሆይ ጋር የገባው የእንግሊዝ መኮንን ነው፤ አዲስ አበባም በስሙ ትምህርት ቤት አለው። ልጆቼ ይህን ከእኔ ነው የሰሙት።

ታችኛው መንገድ ሌላ ዓለም ነው። ከአደባባዩ አጠገብ ያለው አሳንሰር ወደ ሲሮኒት ዳርቻ ያወርዳል፤ ደረጃም አለ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በአሳንሰሩ ወርዶ በአሳንሰሩ ይመለስ፤ ቁልቁል ደረጃ ከሽቅብ ይልቅ ጉልበት ይጎዳል። ከታች ደረቁ አሸዋ ባትን ይይዛል፤ ተረከዝ ላይ ያለውን ጅማት ይወጥራል። በማዕበሉ የረጠበው ጠንከር ይላል፤ ነገር ግን ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። ወደ ደቡብ ስትሄዱ ቀኝ እግራችሁ ዝቅ ይላል፤ ስትመለሱ ግራው። ስለዚህ አንዱን ወገን ብቻ ሮጦ በአውቶቡስ መመለስ ወገብ ያሳምማል፤ እኩል ሄዶ እኩል መመለስ ነው። ከገደሉ ሥር ተጠግቶ መሮጥም ሆነ ማረፍ አይገባም፤ ድንጋዩ ልል ስለሆነ ይናዳል። ማስጠንቀቂያው ተለጥፏል፤ በአማርኛ ግን አይደለም፤ የእኛ እናቶች ደግሞ ጥላ ፍለጋ የሚጠጉት እዚያው ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። «በአሸዋ ላይ በባዶ እግር መሮጥ ደስታው ልዩ ነው» ብላችኋል። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ እግሩ አይሮጥም! ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፤ ሰውየው መቆረጡን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ደም ሲያይ ነው፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። በመጦሪያው ውስጥ በዚህ ሰበብ ጣታቸውን ያጡ ሰዎች እግር አጥባለሁ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አበበ በ1960 የሃያ ስምንት ዓመት ወታደር ነበር፤ የሮጠውም የጠርሙስ ስባሪ በተቀበረበት አሸዋ ላይ አይደለም። እንደ እኔ ያለ ሯጭ ጫማውን ያጥብቅ፣ ስኳሩ ድንገት ቢወርድ የሚቀምሰው ከረሜላ ኪሱ ውስጥ ይያዝ፣ ሲመለስ የእግሩን መዳፍ በመስታወት ይይ።

ስለ ሙቀቱም አልጻፋችሁም። ያደግንበት የጎንደር ደጋ ላብን ቶሎ ያደርቃል። እዚህ ግን በበጋ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ላቡ ገላ ላይ ይቀራል፤ ሰውነት አይቀዘቅዝም። በፀደይ ደግሞ ከበረሃ የሚነሳው ሻራቭ የሚባል ትኩስ ነፋስ አለ፤ አንድ ቀን ቀዝቅዞ በማግሥቱ እሳት ይሆናል። በማርች 2013 የቴል አቪቭ ማራቶን በሙቀት ምክንያት ለሌላ ጊዜ ተላልፎ፣ በተካሄደው ግማሽ ማራቶን አንድ ወጣት ሯጭ ሞቷል። ወጣት ነው ያልኩት፤ ሙቀት ዕድሜ አይመርጥም። ሻራቭ በተነገረ ቀን የሩጫ ጫማዬን አላስረውም።

ስለ ሃይፋ ብዙ አልልም። ከሆፍ ሃካርሜል ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ባሕሩ የተሻገረ ሰው ዳዶ የሚባለውን ዳርቻ ሜዳማ መንገድ ያገኛል፤ መኪና ለሌለው ከዚህ የሚመች የለም።

በመጨረሻ ስለ ፎቶግራፉ። በሦስቱም ሥዕሎች ላይ ቀጫጭን ወጣቶች ናቸው ያሉት። ለእስራኤል በሚሮጡት ልጆቻችን በማሩ ተፈሪና በጋሻው አያሌ እኮራለሁ፤ በ2022 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ብርና ነሐስ ሲወስዱ፣ ማሩ በማግሥቱ ዓመት በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ብሩን ሲደግም፣ መጦሪያው ውስጥ እልል ብዬ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቤያለሁ። ነገር ግን ከልጆቻችን ሜዳልያ ይልቅ የእናቶቻችን ስኳር ነው በየቤቱ ያለው። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ፣ በስፖርት ጫማ የምትሮጥ ሴት ፎቶ አውጡ፤ ናታንያ ላይ ዓርብ ማለዳ ብትመጡ እናንተው ታነሷታላችሁ።

ለሚቀጥለው እትም የአሽዶድና የአሽቀሎን አንባቢዎች የሰፈራቸውን መንገድ እንዲጽፉ ጠይቁልኝ፤ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ጥላው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የውሃ ቧንቧው የት እንዳለ ሳይረሱ። የናታንያን ዝርዝር እኔ እጽፍላችኋለሁ። ስልክ የምትደውሉልኝ ከሆነ ግን ዓርብ ከቀትር በፊት አይሁን፤ ከሩጫ ስመለስ የሰንበት ዳቦ እጋግራለሁ፤ እጄ ሊጥ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከናታንያ