መስከረም ሳያልፍ፦ ለቤተ መጻሕፍቱ ጣራ የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የአካባቢያችን ነዋሪዎችና በቅርብም በሩቅም ያላችሁ የትምህርት ቤታችን ወዳጆች፤

በነሐሴው ነፋስና በረዶ የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ ሰሜኑ ወገን ከነሞራሌው መውረዱን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል፤ ያላየም ሰምቷል። በዚያው ሳምንት ያወጣነው ጥሪ ጥሩ ጀምሮ መሀል ላይ ቆሟል። እስካሁን የተሰበሰበው ለእንጨቱና ለአናጢው እጅ ይበቃል፤ ለቆርቆሮው አይበቃም። ደጋግሞ መጠየቅ ሰሚውን እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ ጠያቂውንም ያሰለቻል። ዝናቡ ግን ቀጠሮ አይሰጠንም።

የምንቸኩለው ለመጻሕፍቱ ብቻ ብለን አይደለም። የዚህ ጣራ ውኃ በአሸንዳ ወርዶ 5,000 ሊትር በሚይዘው ሮቶ ይጠራቀማል፤ በግቢው ያሉት 60 ችግኞች በጋውን የሚጠጡት እሱን ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 1 ሊትር ውኃ ነው። ጣራችን 100 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ስለሚሸፍን፣ 10 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን የሚረጨውና ጣራውን አጥቦ እንዲሄድ መጀመሪያ የሚለቀቀው ተቀንሶ 800 ሊትር ገደማ ይገባል። ለአንድ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ቢታሰብ ለ60ው 600 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሙሉ ሮቶ ስምንት ሳምንት ያቆያቸዋል ማለት ነው። ዛሬ ሮቶው ከሩብ በታች ነው፤ አሸንዳው የታሰረበት እንጨት አብሮ ወድቋል። ከመስቀል ወዲያ ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ አሁን ያመለጠን ውኃ እስከ በልግ አይገኝም።

"ጣራው ሳይታደስ ሮቶ ለምን ተገዛ?" የሚል ቅሬታ ደርሶናል። ሮቶው የተገዛው ለውኃ ተብሎ በተሰጠ ገንዘብ ነው፤ ለጣራ ማዋል የሰጪዎቹን ቃል መሻር ነበር። ጣራውን የጣለውም እርጅና ሳይሆን ምስጥ ነው፤ ምስጡ የበላው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ሞራሌ ስለሆነ ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም አይታይም ነበር። የብረት መደርደሪያዎቹም ውድ ናቸው ተብሏል። እግራቸው ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ጀርባቸውም ነፋስ እንዲያልፍ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር የራቀ ነው። ወለሉ ላይ ውኃ በቆመበት ሌሊት የታችኛው ረድፍ መጻሕፍት የተረፉት በዚህ ነው። ገንዘቡ የት ገባ ለሚል መልሳችን ይኸው ነው፤ ደረሰኞቹም በሣጥን ፋይል ተሰድረው በርእሰ መምህሩ ቢሮ አሉ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

በጣም የተጎዳው የግጥም መደርደሪያው ነው፤ በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ነበር። የግጥም መድበሎች አብዛኞቹ ስስ ናቸው፤ በክር የተሰፉ ሳይሆኑ በስቴፕለር ሽቦ የተያዙ ናቸው። ሽቦው ሲርስ ይዝጋል፣ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላል፣ ከዚያ የመሀሉ ቅጠል ይወልቃል። እነዚህን ሽቦውን ነቅለን በጥጥ ክር እየሰፋናቸው ነው። የረጠበ መጽሐፍ በ48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ ካልጀመረ ስለሚሻግት፣ የተረፉትን ወዲያው በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝ ኮሪደር አቁመን ገጾቻቸውን በትነናል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ፈጣን ይመስላል እንጂ ወረቀቱን ያጣምማል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል። በገጾቹ መካከል የሚገባው ወረቀት ያልታተመበት ይሁን፤ ጋዜጣ ቀለሙን ይለቃል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸው ግን ከደረቁ በኋላ ገጾቻቸው እንደ ሙጫ ስለሚያያዙ ብዙዎቹን ማዳን አልተቻለም።

የልጆቹ የግጥም ንባብ ከመስቀል ማግስት እስከ ኅዳር መጨረሻ በየሳምንቱ ዓርብ ይካሄዳል። ልጆቹ የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ጠረጴዛ እየመቱ ይቆጥራሉ፤ ሰንጎ መገን የሚባለው ሌላው ምጣኔ ሲመጣ አምስት አምስት ይሆናል። ምቱ በእጃቸው ከገባ በኋላ የራሳቸውን ሁለት ስንኝ ይጽፋሉ፤ ስንኙ በላስቲክ ተሸፍኖ ከአንድ ችግኝ ድጋፍ እንጨት ላይ ይታሰራል። ስንኙን የጻፈው ልጅ የዚያ ችግኝ አሳዳጊ ነው። ለማስዋብ የተደረገ እንዳይመስላችሁ፤ በስም ያልተሰጠ ችግኝ የሁሉም ነው ይባልና ማንም አያጠጣውም።

አጠጣጡም ሥርዓት አለው። በየቀኑ ላዩን ብቻ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ሊትር ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ወደ ታች ይልከዋል። ደረቅ ሣር ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይርቃል፣ አለዚያ ልጡ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ከፕላስቲኩ ጋር የተተከለ ችግኝ ሥሩ ዞሮ ዞሮ ራሱን ያንቃል፤ በየቦታው በክረምት ተተክሎ በበጋ የሚደርቀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እዚህ ያሉት ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ፕላስቲካቸው ተቀዶ የተተከሉ ናቸው። አደይ አበባም በግቢው ጥግ ሳይነቀል እንዲቆይ ተከልሏል፤ በየዓመቱ ከዘሩ ስለሚበቅል ዘር ሳይጥል ሁሉም ከተቀጠፈ ለከርሞ የለም። ለእንቁጣጣሽ የሚፈልጉ ልጆች በመቀስ ይቆርጣሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ለንብና ለዘር ይተዋሉ።

ይህ ከእምነታችንም የራቀ አይደለም። በየደብሩ ዙሪያ ያለውን ጥንታዊ ደን ያቆዩልን አባቶች ዛፉን ከቤተ ክርስቲያኑ ለይተው አላዩትም። ዛፍ ተክሎ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ሙስሊም ወገኖቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ የእኛ 75 ቆርቆሮ ነው።

75 ያልነው እንዲህ ነው። አንድ ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ጎን ለጎንና ጫፍ ለጫፍ ሲደራረብ የሚሸፍነው 1.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ተዳፋቱን ጨምሮ ጣራው 108 ካሬ ሜትር ስለሆነ 72 ይፈጃል፤ ሦስቱ መጠባበቂያ ናቸው። የምንፈልገው 30 ጌጅ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ስለዚህ "35 ይሻላል፣ ይረክሳል" የሚለውን ምክር አልተቀበልንም፤ በረዶ የሚቀድደው እሱን ነው። ከዚህ ሌላ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር፣ 22 ሜትር አሸንዳና የአናት መክደኛ ይቀራል። ሚስማሩ የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ከተመታ ጎማውም አያድነውም። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አልጻፍንም፤ የሳምንቱ ዋጋ ከሦስት ነጋዴዎች ተጠይቆ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የአንድ ቆርቆሮም፣ የግማሽ ቆርቆሮም፣ የአንድ ኪሎ ሚስማርም ዋጋ እንቀበላለን።

ገንዘቡ የሚገባው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስም በተከፈተው፣ በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በማኅተም ተለጥፏል፤ ለየዕድሩ ጸሐፊዎችም ተሰጥቷል። በምክንያቱ ላይ "ጣራ" ብላችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ከመጽሐፍ መግዣው ጋር ይቀላቀላል። ውጭ አገር ያላችሁም የምትልኩት በዚሁ ሒሳብ ነው።

በግለሰብ ስም፣ በግለሰብ ስልክ ወይም በግለሰብ ቴሌብር አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ የሚል ቢጠይቃችሁም አትላኩ። በድጋሚ፦ የወተመህ ሒሳብ፣ ምክንያት "ጣራ"። ካስገባችሁ በኋላ የባንኩን ወረቀት ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ አሳይታችሁ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ።

በዓይነት የምታመጡ ረቡዕና ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት መጋዘኑ ክፍት ነው። ቆርቆሮው 30 ጌጅ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ያገለገለና ሚስማር የበሳው አንቀበልም። እስከ መስከረም 20 ካልተሟላ አናጢው ሌላ ሥራ እንደሚይዝ ነግሮናል።

የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ ማሠሪያ ኮሚቴ