የጋያና ነዳጅና የአሌውቶች ባሕር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የደቡብ አሜሪካዊቷን ጋያናና በአሜሪካዋ አላስካ ደሴቶች የሚኖሩትን ነባር ሕዝቦች፣ የአሌውቶችን ኑሮ በነፍስ ወከፍ ገቢ ብቻ ማነጻጸር ዋናውን ጉዳይ ይስታል ብዬ አምናለሁ። ጋያና እ.ኤ.አ. በ2015 ከባሕር በታች ነዳጅ ተገኝቶላት በ2019 መጨረሻ ማምረት ከጀመረች ወዲህ፣ ኢኮኖሚዋ በ2022 ብቻ ከ60 በመቶ በላይ አድጓል፤ ይሁን እንጂ ከአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ ከኤክሰንሞቢልና ከአጋሮቹ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት የመንግሥት ሮያሊቲ (ከሚመረተው ነዳጅ የሚከፈለው ድርሻ) 2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ኩባንያዎቹ ከምርቱ እስከ 75 በመቶ የሚደርሰውን ለወጪያቸው ማካካሻ አስቀድመው ይወስዳሉ፤ መንግሥትና ኩባንያዎቹ እኩል የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። የዋና ከተማዋ የጆርጅታውን ደመወዝተኛ ዕድገቱን የሚመዝነው በገበያው ዋጋ ነውና ቅሬታው ተገቢ ነው።

አሌውቶች የራሳቸው ነጻ አገር የላቸውም። ያላቸው በ1971 በወጣው የአላስካ ተወላጆች ሕግ የተቋቋሙ ኩባንያዎችና ከ1992 ጀምሮ ለባሕር ዳርቻ መንደሮች የተመደበ የዓሣ ኮታ ነው። ድርሻቸው በሕግ መጻፉን ከልብ አደንቃለሁ፤ ሆኖም ሕግ ባሕሩን ከመሞቅ አያድነውም። በ2022 በአላስካ አጠገብ ያለው የቤሪንግ ባሕር ሸርጣን ክፉኛ በመመናመኑ ማጥመድ ሲታገድ፣ አሌውቶች ቀድሞ ለአሜሪካ መንግሥት የአቆስጣ (የባሕር እንስሳ) ቆዳ እያመረቱ በብርቱ ቁጥጥር ሥር የኖሩባት የቅዱስ ጳውሎስ ደሴት ዋና ገቢዋን አጣች።

ስለዚህ አሌውቶችን ከመላው ጋያና ይልቅ ከአገሪቱ ነባር ሕዝቦች፣ አገሪቱ ደኗ ስለሚይዘው ካርቦን ከምታገኘው የሽያጭ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ ከሚደርሳቸው መንደሮች ጋር አነጻጽራችሁ እንድታስነብቡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ