«ዕዳውን ጻፈው» አልኩት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። 26 ዓመት ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንድ ወዳጄ «አሜሪካ ዕዳ ያለበት ሰው ምስጢር ያለበት የመንግሥት ሥራ አይሰጡትም፤ መደበቅ ነው እንጂ» ሲል ሰማሁ። እዚያው መለስኩለት፤ ሌላውም ይስማ ብዬ ለእናንተ ጻፍኩ።

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ይኖራል። ዜግነት ካገኘ በኋላ ከመከላከያቸው ጋር የሚሠራ ኩባንያ ለኮምፒዩተር ኔትወርክ ሥራ ፈለገው። መጀመሪያ ግን ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። እኛ ክሊራንስ የምንለው ሥራ ስንለቅ ወንበሩንም ማኅተሙንም አስረክበናል ብለን የምናዞረውን ወረቀት ነው። የእኛ መውጫ ነው፣ የእነሱ መግቢያ። ቅጹ ኤስ ኤፍ 86 ይባላል፤ ከ100 ገጽ በላይ ነው።

ልጁ ደግሞ ዕዳ ነበረበት። እህቴ ታማ አዲስ አበባ ስትመላለስ በክሬዲት ካርድ እየሳበ ልኮ ነው። እሷ ስትድን እኛ አላረፍንም። ቆርቆሮው ይቀየር አልን። ሰርግ መጣ። እሱ ሁሌ «እሺ» ነው፤ ወሎዬ እምቢ ማለት መቼ ያውቅበታል! በመጨረሻ ሁለት ካርድ ከ120 ቀን በላይ ሳይከፈል ቀረ፤ አንዱም ለዕዳ ሰብሳቢ ተላለፈ።

ቅጹ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባለፉት 7 ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ያዘገየኸው ዕዳ አለ? ያልከፈልከው ግብር? በቁማር የመጣ ችግር? ለውጭ ዜጋስ ገንዘብ ረድተህ ታውቃለህ? በዚያ ወረቀት እናቱ «የውጭ ዜጋ» ናት። እህቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ከፋት።

አንድ ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ልጻፈው ወይስ ልዝለለው?» አለኝ። እህቴ ከጎኔ ሆና «ዝለለው የኔ ጌታ፣ ማን ያይብሃል!» አለች። እኔ ግን ሌላ ባንክ ያለበትን ብድር ደብቆ የሚመጣ ስንት ሰው አይቻለሁ። ድሮ አጠያይቀን ነበር የምንደርስበት። በኋላ በብሔራዊ ባንክ በኩል የተበዳሪ መረጃ መለዋወጥ ሲጀመር ወዲያው ይታይ ጀመር። ዕዳ አለብኝ ብሎ የመጣውን ቁጭ ብለን እናሰላለት ነበር። የደበቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚያመጣው የቤት ካርታም ያጠራጥራል።

«ጻፈው» አልኩት። «ቆርቆሮውንም ጭምር።»

መመሪያቸውን አስልኬ አነበብኩ። ከሰኔ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠሩበት 13 መመዘኛ አለው። አንዱ ስለ ገንዘብ ነው። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ገንዘብ ለማግኘት ሲል የማይሆን ነገር ውስጥ ይገባል ብለው ይፈራሉ። ግን ከምን መጣ ብለውም ይጠይቃሉ። ሕመም፣ ፍቺ ወይም ሥራ ማጣት ከሆነና ሰውዬው በቅንነት መክፈል ከጀመረ ይታይለታል። ሌላው መመዘኛ ስለ ጠባይ ነው፤ ውሸት የሚገባው እዚህ ነው። አውቆ መዋሸት በሕጋቸው እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ዕዳውን እንደሆነ ከክሬዲት መዝገቡ ያገኙታል። እንግዲህ የደበቀ ሰው ዕዳው ላይ ውሸት ጨመረበት እንጂ ምን አተረፈ?

ከጥቂት ወር በኋላ ማስረጃ አምጣ የሚል ደብዳቤ መጣለት። አሁን ሥራው የእኛ ሆነ። የእህቴን የሕክምና ደረሰኝ ፍለጋ ወጣሁ። ግማሹ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሰርግ ጥሪ ወረቀት ጋር ታጥፎ ተገኘ። አንድ ክሊኒክ «የዚያን ጊዜ መዝገብ በጦርነቱ ጠፍቷል» አለኝ። የተገኘውን በገጽ እየከፈልኩ አስተረጎምኩ። አንድ ዘመዳችን የቆርቆሮውንም ወጪ ሕክምና ውስጥ እንድንደብቀው መከረ። ደረሰኙ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ማኅተም አለበትኮ! ልጁ ራሱ «ለቤት ማደሻና ለሰርግ የላክሁት የራሴ ጥፋት ነው» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ኮራሁበት፤ አፈርኩም፤ ጠያቂዎቹ እኛ ነበርና።

አንዱን ካርድ ከፍሎ ዘግቷል። ሁለተኛውን በየወሩ ይከፍላል። ውሳኔው ገና አልመጣም፤ ሊከለክሉትም ይችላሉ።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ተሰብስበን፣ ሁለተኛውን ካርድ እስኪዘጋ ማንም ብር እንዳይጠይቀው ተስማማን። እህቴም በማግስቱ ደውላ «አብሽር ልጄ» አለችው። ትንሽ ዝም ብላ «ያ የግቢው በር ግን...» ስትል ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት።

ጡረተኛው የብድር ሠራተኛ
ደሴ