ለጓደኛዬ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ውዴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ዛሬ ኅዳር 12 ነው። ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ እየታጠነ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ልጆች ቆሻሻ ሰብስበው ለኩሰዋል፤ ጭሱ በመስኮት እየገባ ያስለኛል። ከኮንዶሚኒየሙ ወዲያ ጤፍ እየታጨደ ነው። ያኔ ዶርም እያለን በዚህ ቀን መስኮት ስንዘጋና ስንከፍት እንደምንውል ትዝ አለኝና ወረቀት አነሳሁ።

ከሚያዝያ ጀምሮ ስልክሽን አላነሳሁም። ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ዛሬ ልንገርሽ። አምና የአውሮፓ ኅብረት ለማስተርስ ተማሪዎች ለሚሰጠው ለኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ አመልክቼ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺም ጭምር። አልተቀበሉኝም። ተጠባባቂ ውስጥ እንኳን አልገባሁም። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብትዪኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ጠፋሁ።

አሁን ድጋሚ እያመለከትኩ ነው። የፕራግ፣ የላይደን፣ የክራኮውና የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሚሰጡት ማስተርስ አለ፤ የአውሮፓ ፖለቲካና ማኅበረሰብ ይባላል። ሁለት ዓመት ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርቱን ክፍያ ይችላል፤ በወር ደግሞ 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የአውሮፕላን ቲኬቱም ቪዛውም የሚወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ለመነሻው ወጪ እንዲሆነኝ ዕቁብ ገብቻለሁ። ቤልጅየም፣ ብሩዥ ያለውን የአውሮፓ ኮሌጅም አይቼው ነበር፤ እዚያ ከእንግሊዝኛው ጋር ፈረንሳይኛም ስላለ ተውኩት።

ትራንስክሪፕቱን አታንሺብኝ። የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ ብቻ አራት ቀን አመላልሶኛል።

የከበደኝ የማመልከቻው ደብዳቤ ነው። ያምናውን መልሼ ሳነበው አዘንኩ። በፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሹማን ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1950 እንዲህ አሉ፣ አውሮፓም ሰላም አገኘች፣ ይላል። እውነት ነው፤ ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። እኔ የለሁበትም።

ክረምት ላይ ጅማ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ የቡና ማሳዋን ይዞራል። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ነጥብ ይመዘግባል፣ ይቀጥላል። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በዚያ ጭቃ፣ ከኋላ ከኋላው ትከተለዋለች። ወደ እኔ ዞር አለችና «መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ድምፅዋ አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም።

ነገሩ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው። ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እነሱ ገበያ አይገባም። ቡናውን እዚያ የሚያስገባው ነጋዴ ቡናው የበቀለበትን ማሳ ቦታ በካርታ ላይ ከሚያሳዩት ነጥቦች ጋር ማቅረብ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተራዝሟል፤ ሕጉ ግን አለ። ደን ይጠበቅ ማለቱ ልክ ነው፣ እኔም የምለው ነው። ግን አክስቴ ቡናዋን በዛፍ ጥላ ሥር ነው ያሳደገችው፤ አንድ ዛፍ አልቆረጠችም። ይህንን ብራስልስ ላይ ማን ይናገርላት? ሕጉ ሲረቀቅ ማን ይጠየቃል? ከወጣስ በኋላ የሚሻሻለው በማን እጅ ነው? ይሄን ከሥሩ መማር እፈልጋለሁ። ተምሬም ተመልሼ ለእሷና ለመሰሎቿ መከራከር እፈልጋለሁ።

አዲሱ ደብዳቤ በአክስቴ ጥያቄ ነው የሚጀምረው። ሁለት ገጽ ሆኗል። አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን አንብበሽ «ይሄ አንቺ አይደለሽም» ብለሽ ሙሉውን ምዕራፍ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝሽው ትዝ ይልሻል? ያን ቀን ተኮራረፍን፤ ግን ልክ ነበርሽ። አሁንም እንደዚያ አድርገሽ እንድታነቢልኝ እፈልጋለሁ። ማመልከቻው ጥር ላይ ስለሚዘጋ ከገና በፊት ቢደርሰኝ ይበቃኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ተቀይመሽኝ ከሆነም አንሺና ተቆጪኝ። የደብዳቤው ነገር ይቆየን፤ መጀመሪያ ያንቺን ልስማ።

የሁልጊዜ ጓደኛሽ