ብቻሽን ነይ

እህት ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ ጠፍቶ ድንገት ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን ሆነች ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወሬሽን እጠይቃለሁ። ዓመቱን እናትሽን ስታስታምሚ እንደከረምሽ፣ አሁን እሳቸው ተሽሏቸው አንቺ እንቅልፍ እንዳጣሽ፣ በፈቃድሽ ባሕር ዳር ልምጣ አልምጣ እያልሽ እንደምታመነቺ ሰማሁ። ነይ። ግን ብቻሽን ነይ፤ ዘመድ ቤትም፣ እኔም ቤት አትረፊ።

ክፉ መሰልኩሽ አይደል? በኛ አገር እንግዳ እንኳን ሊያርፍ ቁጭ ብሎ አይተነፍስም። ጠዋት ቡናው፣ ቀን “በሞቴ ጉረሺ”፣ ማታ የማርቆስ ሰው ሁሉ በስሙ እየተጠራ ጥያቄ። አክስትሽ ዘንድ የምትሄጂው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ቡናና ስኳር ይዘሽ። ቀድመው ከሰሙ ሻንጣሽን ራሳቸው መጥተው ከሆቴል ያወጡታል።

መንገዱ በእንጅባራ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዋዜማው መናኸሪያ ሄደሽ ሰላም መሆኑን ጠይቂ። ዝግ ነው ካሉሽ ፈቃድሽን አዛውሪ፤ በስጋት ተጉዞ እረፍት የለም። ክፍት ነው ካሉሽም ማልደሽ ውጪ፣ መኪናው ቡሬ ወይም ዳንግላ ላይ ቢበላሽ ሌላ ለመሳፈር ቀን ይኖርሻል። ከሦስት ሌሊት ባነሰ አትምጪ፤ የመጀመሪያው ቀን የመንገድ ድካም ነው፣ ምንም አታቅጂበት። ጋቢሽ ለእንጅባራ ብርድ ይጠቅምሻል እንጂ እዚህ ስስ ልብስ ነው የሚያስፈልግሽ፤ ባሕር ዳር ከማርቆስ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች።

ክፍሉን ሳታዪ አትክፈዪ። ከዋናው መንገድም ከጄኔሬተሩም የራቀ ይሁን፣ አጎበሩ አለመቀደዱን ዘርግተሽ እዪ። ክረምቱ ከወጣ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ባጃጅ ስትይዢ ኮንትራት ይሁን በሰው ሳትነጋገሪ አትግቢ።

ጣና ሐይቅ የጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል፤ ስለዚህ ማለዳ ወጥተሽ እኩለ ቀን ሳይገፋ ተመለሺ፣ ከዚያ ተኚ። ብቻውን የመጣን ሰው የሚጎዳው የጀልባ ዋጋ ነው፤ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ የአምስት ሰው ሒሳብ አንቺ ትከፍያለሽ። ወደ ዘጌ የሚሄደውን የሕዝብ ጀልባ ጠይቂ፤ ካልተመቸሽ ከሌሎች ጋር ተዳበዪ። ስትዋዋዪ ዋጋው መሄጃውን፣ መመለሻውንና እዚያ ቆሞ የሚጠብቅበትን ሰዓት እንደሚጨምር አስምሪበት፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከመጠበቂያው ነው። ላይፍ ጃኬቱን መኖሩን ብቻ ሳይሆን ማሰሪያው መያዙን እዪ። ደግሞ ከደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ይህን ሳይነግሩሽ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገቡት አሉ። እንጦስ ኢየሱስ ጎኑ ነው፣ እዚያ ትገቢያለሽ።

አንድ ቦታ ብቻ የምታዪ ከሆነ ዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም እዪ። ከጀልባው ወርደሽ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ትሄጃለሽ፤ መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በላዔ ሰብን ፈልጊው፤ ያን ሁሉ ሰው በልቶ ለተጠማ ባጠጣው እፍኝ ውሃ ምሕረት ያገኘውን። ካህኑ ሲያስረዱሽ ቆይተሽ ከሄዱ በኋላ ብቻሽን ተቀመጪ፣ ማንም አይነሳሽም። ነጠላና ዝርዝር ብር ያዢ፤ መግቢያው በየገዳሙ ለየብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ካልተኛሽ የሐይቁ ዳር መንገድ ይበቃሻል። ታንኳ ቆሞ ታገኛለሽ፣ ቆሞ ስልሽ እውነት ዛፍ ተደግፎ በቁሙ። የተሠራበት ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ ሲመለስ ውሃው ተንጠፍጥፎ ፀሐይ ካልመታው ቶሎ ይበሰብሳል። ውሃው ውስጥ ግን እግርሽን አትንከሪ። ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ፤ ትሉ ዳር ዳሩን ሣር ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ አድጎ በቆዳ ነው የሚገባው። ሲመሽም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ብቻሽን አትዙሪ፣ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ወንዙን ማየት ካሰኘሽ በቀን በ2016 በተመረቀው ድልድይ ላይ በእግርሽ ተሻገሪ፤ 380 ሜትር ነው።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከመጣሽ ሂጂ፤ በበጋ ግን ውሃውን ኃይል ማመንጫው ስለሚወስደው ገደሉን አይተሽ ትመለሻለሽ። ዓሣ ስታዢ ቀረሶ በይ፣ ሳይጠበስ አሳዩኝ በይ፤ ዓይኑ ከጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው።

ስልክሽን አትዝጊው፣ እናትሽ ይጨነቃሉ። ጠዋትና ማታ የምትደውዪበትን ሰዓት ወስነሽ ንገሪያቸው፣ በመካከል ግን ድምፁን አጥፊው።

የምትመጪበትን ሳምንት ጻፊልኝ። የማምነው ጀልባ ነጂ አለ፣ በዋዜማው አነጋግሬ ዋጋውን እጨርስልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ካልጠራሽኝ ሆቴልሽ ድረስ አልመጣም፣ አልደውልምም።

እህትሽ
ከባሕር ዳር